ከማኬሮስ እስከ ማዒን ፍል ውኃ

የተወደዳችሁ በዮርዳኖስ አገር የምትገኙ እኅቶቼ፣ የዕረፍት ቀን ስታገኙ ከማደባ ከተማ አስጎብኚ ይዛችሁ ወደ ሙካዊር ውጡ። ጥንት ማኬሮስ የተባለው ምሽግ ነው። መጥምቁ ዮሐንስ ታስሮ የተገደለው በዚህ እንደ ሆነ የአይሁድ ታሪክ ጸሐፊው ዮሴፍ ጽፏል። ሮማውያን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ72 ዓ.ም. ስላፈረሱት ዛሬ የምታዩት የግንብ መሠረትና መልሰው ያቆሟቸውን ጥቂት ዓምዶች ነው።

አስጎብኚው «ሰሎሜ የጨፈረችው እዚህ ነው» እያለ ይቸኩላል (ወንጌል ግን ስሟን አይጠራም)፤ እናንተ አትቸኩሉ። በአንዱ በኩል ግብዣ፣ በሌላው በኩል በር የተዘጋበት ጻድቅ! ደቀ መዛሙርቱን ወደ ጌታ የላከው እስር ቤት ሆኖ ነው። ፓስፖርቷ የተያዘባት፣ ከቤት መውጣት የተከለከለች እኅት ካለቻችሁ የክርስትና ስሟን ይዛችሁ ሂዱና በዚያ ጸልዩላት።

ከዚያ በመኪና ወደ ማዒን ፍል ውኃ ውረዱ፤ መግቢያው በገንዘብ ነው። ጠበል አይደለም፣ ለደከመ ወገብ ግን ደግ ነው። ትልቁ ሄሮድስ ታሞ በዚሁ አካባቢ ካሊሮኤ በተባለው ፍል ውኃ ቢነከርም አልዳነም። ውኃው ከምንጩ ሲወጣ 60 ዲግሪ ያህል ስለሚሞቅ በረድ ያለውን ፈልጉ፤ ደም ብዛት ያለባት እግሯን ብቻ ትታጠብ።