ከፍራሽ ሥር የሚገኘው ውሃ

ከጎንደር ተነስቶ ወደ ሰሜን ያቀና መንገደኛ 75 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዘ ዳባትን፣ 100 ኪሎ ሜትር ሲሞላ ደግሞ ደባርቅን ያገኛል። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ በ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ደጋ ናት። ቀን ፀሐይዋ ይፋጃል፤ ማታ ብርዷ አጥንት ይሰረስራል። ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚዘልቁ እንግዶች እዚህ ፈቃዳቸውን ወስደው፣ ታጣቂ ጠባቂያቸውን ይዘው፣ 3,250 ሜትር ላይ ወዳለው ሳንቃ በር፣ ከዚያም 3,600 ሜትር ወደሚያልፈው ጨነቅ ይወጣሉ። መኪና ሁለቱም ቦታ ስለሚደርስ፣ በጣራው ላይ ተጣጥፎ የሚጫን፣ ማታ ተዘርግቶ በመሰላል የሚወጣበት ድንኳን የያዘ መኪና በዚያ መንገድ ይታይ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በተነሳው ግጭት ምክንያት ግን ለመሄድ የሚያስብ ሁሉ አስቀድሞ የመንገዱን ሁኔታ መጠየቅ ይኖርበታል።

እኛ ከነቤተሰባችን በዚህ ዓይነት ድንኳን ያደርነው በ2011 ዓ.ም. ጥር ወር ነበር። ጥር በዚያ አገር ዝናብ የለውም፤ ሰማዩም ጥርት ብሎ ነው ያደረው። ለሱብሒ ተነስተን ፍራሹን ገለጥ ስናደርግ ግን ከሥሩ ያለው ጣውላ ውሃ አቁሯል። ከመካከላችን አንዱ ድንኳኑ ያፈሳል አለ። ሌላው ምንም ሳይናገር ዓይኑን ወደ ትንሹ ልጅ መለሰ። የደባርቁ ሹፌራችን ሳቀና፣ «ኧረ ልጁን ተዉት! የሁላችሁም ትንፋሽ ነው» አለን።

ነገሩ እውነት ነው። አንድ ሰው በአንድ ሌሊት ከትንፋሹና ከቆዳው ከሩብ ሊትር የማያንስ ውሃ በእንፋሎት መልክ ያወጣል። አራት ሰው ባደረበት ጠባብ ድንኳን ውስጥ ይህ ከአንድ ሊትር በላይ ነው ማለት ነው። ሞቃት አየር ብዙ እንፋሎት ይሸከማል፤ ሲቀዘቅዝ ግን መሸከም ያቅተዋል። በ20 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሜትር ኩብ አየር 17 ግራም ያህል ሊይዝ ሲችል፣ በ5 ዲግሪ የሚይዘው 7 ግራም እንኳ አይሞላም። ትርፉ የት ይሄዳል? በቅርብ ያገኘው ቀዝቃዛ ነገር ላይ ጤዛ ሆኖ ያርፋል። ከተኛው ሰው ገላ የሚወጣው እንፋሎት ስፖንጁን ሰርስሮ ወደ ታች ሲወርድ፣ ከሥሩ ሌሊቱን ሙሉ የተራራው ነፋስ ሲያቀዘቅዘው ያደረውን ስስ ጣውላ ያገኛል። ስለዚህ ውሃው ከሰማይም ከልጁም የመጣ አይደለም።

ይህን ያልተረዳ ሰው መድኃኒቱን ይገለብጠዋል። ውሃ አየሁ ብሎ ከፍራሹ ሥር ላስቲክ ያነጥፋል፤ ብርድ ገባ ብሎ የድንኳኑን መስኮቶች ሁሉ ይዘጋል። ላስቲኩ ጤዛውን መውጫ ያሳጣዋል፤ የተዘጋው መስኮት ደግሞ ያባዛዋል። የሚሻለው ፍራሹን ከጣውላው ማለያየት ነው። የቀርከሃ ወይም የእንጨት ርብራብ፣ አለዚያም አየር የሚያሳልፍ ሻካራ ምንጣፍ ከሥሩ ገብቶ አንድ ሁለት ሳንቲ ሜትር ክፍተት ቢገኝ ይበቃል። ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት መስኮቶችን ጥቂት ከፈት አድርጎ ማደር፣ እርጥብ ልብስን ውጭ ማስቀመጥ፣ ጠዋት ፍራሹን አቁሞ ፀሐይና ነፋስ ማስመታት ያስፈልጋል። ከፍራሹ በላይ አጎዛ ማንጠፍም መልካም ነው፤ የበግ ጠጉር የክብደቱን ሲሶ ያህል እርጥበት ቢመጥም ለገላ እርጥብ ሆኖ አይሰማም። በድንኳን ውስጥ ከሰል አያይዞ መተኛት ግን ፈጽሞ አይገባም። ከከሰል የሚወጣው ሽታ የሌለው ጋዝ የተኛውን ሰው ሳያነቃ ይገድላል።

አባቶቻችን የእንፋሎትን ሕግ በመጽሐፍ አልተማሩም፤ አልጋቸው ግን ያውቀዋል። የጠፍር አልጋን አስቡት። ከምድር ከፍ ያለ ነው፤ በተጠላለፈው ጠፍር መካከል አየር እንደልቡ ይመላለሳል። የሣር ክዳን ጣራም እንደ ቆርቆሮ ቶሎ ስለማይቀዘቅዝ ጠዋት ጠዋት አያንጠባጥብም። በፓርኩ ውስጥ ለዘመናት የኖሩት የግጭ መንደር ሙስሊሞች ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው ብርድ ልጆቻቸውን ያሳደጉት በሣር ክዳን ጎጆ ነው። በ2008 ዓ.ም. ከ400 በላይ አባወራዎች ከመንደራቸው ተነስተው ወደ ደባርቅ ከተማ ወረዱ። በከተማ የሚጠብቀው ቤት የቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮ ዝናብን ከሣር ይልቅ ይመክታል፤ ሆኖም ኮርኒስ ከሌለው በብርድ ወራት የቤተሰቡን ትንፋሽ መልሶ በብርድ ልብሱ ላይ ያዘንበዋል።

ተራራ ወጥቶ ለማያውቀውም አንባቢ ይህ ባዕድ ጉዳይ አይደለም። በአዲስ አበባም ሆነ በደሴ፣ በስሚንቶ ወለል ላይ የተነጠፈ የስፖንጅ ፍራሽ ሥሩ ይረጥባል፣ ይጠቁራል፣ ይሻግታል። ስንት ልጅ ነው ያላደረገውን አደረግህ ተብሎ የተገረፈው! እናቶች ይህን ቢያስተውሉ እንወዳለን፤ ሽንት ከላይ ወደ ታች ስለሚወርድ አንሶላውን ሳያረጥብ አያልፍም፣ ሽታውም አይደበቅም። አንሶላው ደርቆ የፍራሹ ሆድ ብቻ ከረጠበ፣ ጥፋተኛው ወለሉ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመሪያ እርጥበትና ሻጋታ ያለበት ቤት ከአስምና ከሌሎች የመተንፈሻ አካል ሕመሞች ጋር እንደሚያያዝ ገልጿል። ሳሉ የማይለቀው ልጅ ያለው ቤተሰብ ከሐኪሙ በተጨማሪ ፍራሹንም ገልብጦ ይይ።

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ከአዲአርቃይና ከዛሪማ በኩል ያፈናቀለው ሕዝብ ወደ ደባርቅ ሲጎርፍ፣ ብዙው የተኛው በትምህርት ቤት ወለል ላይ ነበር። በዳባት አጠገብ ባለው የአለምዋጭ መጠለያ ደግሞ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ኤርትራውያን ስደተኞች ሠፍረዋል። እኛ በገዛ ፈቃዳችን ጥቂት ሌሊት አድረን የተመለስንበትን ብርድ፣ በድንኳን የሚኖር ስደተኛ ክረምት ከበጋ ይቀበለዋል። ለእንዲህ ዓይነት ቤተሰብ ብርድ ልብስና ላስቲክ መስጠት የተለመደ ነው፤ መልካምም ነው። ላስቲኩ የመሬቱን እርጥበት ይከለክላል፤ በቀጥታ ፍራሹ ሥር ሲውል ግን የሰውየውን ላብ መልሶ ለሰውየው ይሰጠዋል። በደባርቅ ዙሪያ የባሕር ዛፍ አጠና ሞልቷል። ፍራሽ የሚለግስ ሰው ጥቂት አጠናና ሚስማር ቢጨምርበት፣ ወይም አንድ ሸክም ደረቅ ጭድ በላስቲኩና በፍራሹ መካከል ቢያስነጥፍ፣ ፍራሹ ከመበስበስ ይድናል፤ ሕፃኑም ደረቅ መኝታ ያገኛል። ጭዱ ሲረጥብ መለወጥ አለበት።