ጧሪ ቀባሪ በበርሊን

በርሊን ሻርሎተንቡርግ ሰፈር፣ ኒቡርሽትራሰ ላይ፣ ከጎረቤቶቹ ብዙም የማይለይ አንድ ሕንፃ አለ። ስሙ ሌበንስኦርት ፊልፋልት ነው። ሽቩለንበራቱንግ የተባለ የምክርና የእርዳታ ድርጅት በ2012 (በፈረንጅ አቆጣጠር) ከፈተው። 24 አፓርታማዎች አሉት። አብዛኞቹ ነዋሪዎች በዕድሜ የገፉ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ወንዶች ናቸው፤ ሴቶችና ወጣቶችም አብረዋቸው ይኖራሉ። የመርሳት በሽታ ያለባቸው አረጋውያን ተንከባካቢ ሳይለያቸው በጋራ የሚኖሩበት ክፍልም አለው።

ጀርመን የአረጋውያን መኖሪያ የሞላበት አገር ነው። ታዲያ ለእነዚህ ለብቻ መሥራት ለምን አስፈለገ? ነገሩ የገባኝ ስለ አንቀጽ 175 ካነበብኩ በኋላ ነው። ወንድ ከወንድ ጋር መተኛትን የሚቀጣውን ይህን ሕግ ናዚዎች በ1935 አጠበቁት። የሚገርመው፣ ናዚ ከወደቀ በኋላም ምዕራብ ጀርመን ያንኑ አንቀጽ እስከ 1969 ድረስ እንዳለ ሠራችበት፤ 50 ሺህ ያህል ሰው ተፈረደበት። ጨርሶ የተሻረው በ1994 ነው። ዛሬ 80ን ያለፈው ሰው እንግዲህ ጉርምስናውን ያሳለፈው ፖሊስ እየፈራ ነው። እኛ እርጅናን ስናስብ ጧሪ ቀባሪ ልጅ ይታየናል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ልጅ የላቸውም፤ ቤተሰብ የካዳቸውም አሉ፤ በልጅ ፋንታ ይሆኗቸው የነበሩትን ወዳጆቻቸውን ደግሞ በ1980ዎቹ ኤድስ ጨረሳቸው።

በሌላ ተራ የአረጋውያን መኖሪያ የምትሠራ አንዲት የአገሬ ልጅ ስለምትንከባከባቸው ሽማግሌ አጫወተችኝ።

«ጋሼ፣ ቀኑን ሙሉ ደህና ይውላሉ። በር ሲንኳኳ ግን ፎቶውን ከግድግዳ አውርደው ትራስ ሥር ይሸጉጡታል።»

ፎቶው ላይ ሁለት ጎረምሶች ብስክሌት ተደግፈው ቆመዋል። አንዱ እሳቸው ናቸው፤ ሌላው ዕድሜ ልካቸውን አብሯቸው ኖሮ የሞተው ሰው። ለጠየቃቸው ሁሉ «የአጎቴ ልጅ ነው» ይላሉ። የመርሳት በሽታ ይዟቸው የቅርቡን ወስዶ የሩቁን ትቶላቸዋል፤ ሕጉ መሻሩን ረስተዋል፣ ፖሊስ እንደሚመጣ ግን አልረሱም። አንዷ ባልደረባዋ ፎቶውን በየጊዜው መልሳ እየሰቀለች ትቆጣቸው ነበር። የእኛዋ ልጅ ሌላ መላ አገኘች፤ ገና ኮሪደሩ ላይ ሳለች ስሟን ጠርታ «ቁርስ ይዤ ነው!» ትላለች። ያኔ ፎቶው ካለበት አይነቃነቅም።

አንቺስ ምን ተሰማሽ አልኳት። «መጀመሪያ ስሰማ ደንግጬ ነበር። አሁን ገላቸውን የማጥባቸው እኔ፣ የማጎርሳቸው እኔ፤ ምን ቀረኝ ብለው ነው?»

በ2017 የጀርመን ፓርላማ በአንቀጽ 175 የተሰጡትን እነዚያን ፍርዶች ሰረዘ። ለአንድ ፍርድ 3000 ዩሮ፣ ለእያንዳንዱ የእስር ዓመት ደግሞ 1500 ዩሮ ካሳ ተቆረጠ። 3000 ዩሮ ዛሬ አንድ ጧሪ ቤት ከነዋሪው ኪስ የሚጠይቀውን የአንድ ወር ክፍያ ቢሸፍን ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያመለከቱት ጥቂት መቶዎች ብቻ ናቸው። አይፈረድባቸውም፤ በ85 ዓመቱ የገዛ መዝገቡን ከአቧራ አውጥቶ ለጸሐፊ ማሳየት የሚወድ ማን ነው? ሴቶቹን ደግሞ አንቀጽ 175 ስለማይነካቸው ይህ የካሳ ሕግም አላሰባቸውም። ሴት ወደደች ተብላ በፍርድ ቤት ልጇን የተነጠቀች እናት ግን በዚያው ምዕራብ ጀርመን ነበረች።

ሽቩለንበራቱንግ በ2023 እዚያው በርሊን፣ ዙድክሮይዝ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ሌላ ቤት ከፍቷል። እንዲያም ሆኖ ፈላጊው ከክፍሉ ይበልጣል። ሽማግሌው ወደ አንዱ ቢዛወሩ አይሻልም ወይ ብዬ ልጅቷን ጠየቅኳት።

«ሳይታመሙ በፊት ተጠይቀው ነበር አሉ» አለችኝ። «‹እዚያ ከገባሁማ ሰው ሁሉ ያውቅብኛል› ብለው እምቢ አሉ።»