ማደሪያ ያለው ወንዝ

ለመሆኑ የከሚሴ ልጅ ስለ ባሕር ምን አገባው? ከዶርም ጓደኞቻችን መካከል ይህን የጠየቁን ብዙዎች ናቸው። እውነት ነው፤ እኛ ከጨፋ ሜዳና ከባቲ ኮረብታ የመጣን ልጆች ባሕር በዓይናችን አይተን አናውቅም። አገራችንም ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላትም። የእርሻው ነገር፣ የውሃው ነገር፣ የኑሮው ነገር እያለ ስለ ባሕር ዓሣ መጨነቅ የጥጋብ ወሬ ሊመስል ይችላል። እኛ ግን ነገሩን ስናገላብጠው ባሕሩ እንዲህ ሩቅ ሆኖ አላገኘነውም። እስቲ እናስረዳ።

የቋንቋ ተማሪዎች ነንና ከቃሉ እንጀምር። አማርኛችን ትልቁንም ትንሹንም ውሃ ባሕር ይለዋል። በጣና ዳር የተቀመጠችው ከተማ ባሕር ዳር ተባለች። ከባሕር ማዶ የመጣው ዛፍ ባሕር ዛፍ ሆነ። በጥንት ዘመን የጠረፉ ገዥ ባሕር ነጋሽ ይባል ነበር። ኦሮምኛችንም ባሕሩን ገላና ይላል፤ በደቡብ ወደ አባያ ሐይቅ የሚወርድ ወንዝም ስሙ ገላና ነው። ቋንቋዎቻችን ወንዙን ከሐይቁ፣ ሐይቁን ከውቅያኖሱ አርቀው ያጠሩ አይመስሉም። ታዲያ አጥሩን ያጠርነው እኛ ነን ማለት ነው።

ባሕሩ ራሱ ደግሞ በአንድ ወቅት ጎረቤታችን ነበር። ቀይ ባሕር በጥንት ዘመን ወደ ደናክል ዝቅተኛ ስፍራ ገብቶ እንደነበር ሊቃውንት ይናገራሉ፤ ከመቶ ሺህ ዓመታት በላይ ዕድሜ ያለው፣ ወደ ድንጋይነት የተለወጠ ኮራል ዛሬም በዚያ በረሃ ይገኛል። ውሃው ተነነ፤ ጨው ቀረ። አፋሮች ያንን ጨው በግመል ጭነው ወደ ባቲ የሰኞ ገበያ ሲያመጡ ኖረዋል። እንግዲህ አያቶቻችን ባሕር አላዩም ይባል እንጂ በየወጣቸው ውስጥ ይቀምሱት ነበር።

አሁን ወደ ቦርከና እንምጣ። ቦርከና ከደሴ በላይ ካለው ደጋ ተነሥቶ፣ ኮምቦልቻን አልፎ፣ የጨፋን ረግረግ አጠጥቶ፣ በከሚሴ በኩል ወደ አዋሽ ይወርዳል። ጨፋ ማለት ለማያውቀው ሰው ቄጠማና ውሃ ነው፤ ለሚያውቀው ግን ባንክ ነው። በጋው ሲጠና የአፋር አርብቶ አደር ከብቱን እየነዳ ይመጣል፤ ኦሮሞውና አርጎባው የራሱን ያሰማራል፤ ወፉም ከየአገሩ ይሰፍራል። ልጆች ሳለን በዚያ ውሃ ዋኝተናል፣ በወንፊት ዓሣ አሳደናል። ዛሬ ረግረጉ በየአቅጣጫው እየተቆረሰ እርሻ ይሆናል። ከላይ ደግሞ የከተማው ቆሻሻና የፋብሪካው ፍሳሽ ይመጣል። በኮምቦልቻ ዙሪያ የተደረጉ ጥናቶች ወደ ቦርከና በሚገቡት ጅረቶች ውስጥ ክሮሚየምን የመሰሉ ከባድ ብረቶች ማግኘታቸውን ጽፈዋል። ክሮሚየም ቆዳ ማልፊያ ነው፤ ሽንኩርት ማጠጫ አልነበረም።

አንድ የጨፋ አዛውንት ስለዚሁ ስንጠይቃቸው፣ «ልጆቼ፣ ከላይ ያሉት ይታጠባሉ፣ እኛ እጣቢውን እንጠጣለን» አሉን። እጣቢ! ከዚህ የበለጠ ቃል በመጽሐፍ ቤት ፈልገን አላገኘንም።

«ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ይባላል። አዋሽ ግን ማደሪያ አለው። ከ1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ጉዞ በኋላ፣ ባሕር ሳይደርስ፣ በኢትዮጵያና በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ገብቶ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ መውጫ የለም፤ ውሃው ወደ ሰማይ ይተናል፣ የተሸከመው ሁሉ እዚያው ይቀራል። በአዋሽ ላይ የጥጥና የሸንኮራ እርሻ እየሰፋ ሲሄድ ሐይቁም እየሸሸ መጥቷል። ድሮ በውሃው ሥር የተሠሩት እስከ 50 ሜትር የሚደርሱ የኖራ ድንጋይ ማማዎች ዛሬ በደረቅ ምድር ላይ ቆመው ይታያሉ። እኛ ወደ ቦርከና የምንጥለው ነገር እንግዲህ «ሄደ» የሚባል አይደለም። ወደ ታች ወረደ እንጂ የትም አልሄደ፤ የአፋር ከብት ይጠጣዋል፣ የአፋር ልጅ ይጠጣዋል።

የዓለም ሕዝብ ውቅያኖስን ሲያይ ግን ዓባይን የሚያይ ይመስለዋል፤ ሁሉን ይዞ የሚዞር፣ የማይሞላ። ውቅያኖስም እኮ መውጫ የለውም! ትልቅ አቤ ሐይቅ ነው። ከጭስ ማውጫዎች የሚወጣው ሙቀት አማቂ ጋዝ ካስከተለው ትርፍ ሙቀት ከመቶ 90 እጁን የዋጠው እርሱ ነው፤ ከምንለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድም ሩብ ያህሉን ይወስዳል፤ በዚያም ልክ ውሃው ወደ አሲድነት ያዘነብላል። ኮራል የሚባለው፣ ሲያዩት ድንጋይ የሚመስል ሕያው ፍጡር፣ ሙቀቱን አልቻለም። እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ዙሪያ ለአራተኛ ጊዜ በጅምላ መንጣቱ ተረጋገጠ። በየዓመቱ ወደ 11 ሚሊዮን ቶን የሚገመት ፕላስቲክም ወደ ባሕር ይገባል። ዓሣውስ? በካናዳ ኒውፋውንድላንድ አይነጥፍም የተባለለት የኮድ ዓሣ ተጠርጎ አልቆ፣ እ.ኤ.አ. በ1992 ማጥመድ ሲከለከል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ያለ ሥራ ቀረ።

የማዳበሪያው ጉዳይ ለእኛ ለገበሬ ልጆች ይበልጥ ይገባናል። ዝናብ ከአሜሪካ እርሻዎች ያጠበው ማዳበሪያ በሚሲሲፒ ወንዝ ወርዶ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ሲደርስ አልጌ ያበቅላል፤ አልጌው ሲሞትና ሲበሰብስ የውሃውን ኦክሲጅን ይጨርሳል፤ ዓሣው መሸሽ ካልቻለ ታፍኖ ይሞታል። እህል ያበቀለው ዩሪያና ዳፕ እዚያ ሲደርስ ገዳይ ይሆናል። ቅርባችን ባለው ቀይ ባሕርም እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ሩቢማር የተባለች መርከብ በጦርነቱ ተመትታ ከ20 ሺህ ቶን በላይ ማዳበሪያ እንደያዘች ሰጠመች። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ሴፈር ከተባለች፣ በየመን ጠረፍ ከምትበሰብስ መርከብ ከ1 ሚሊዮን በርሜል በላይ ድፍድፍ ዘይት በተባበሩት መንግሥታት አማካይነት ተቀድቶ ባይወጣ ኖሮ የሚሆነውን ማሰብ ይከብዳል።

እዚህ ላይ የሚቃወመን አይጠፋም። «ፋብሪካው ቢዘጋ ወንድምህ ምን ይበላል?» ይለናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ከመካከላችን በኮምቦልቻ ፋብሪካ ደሞዝ የተማረ አለ። እኛም ይዘጋ አላልንም፤ ፍሳሹን አጣርቶ ይልቀቅ ነው የምንለው። ይህም ከእኛ የመነጨ አዲስ ሐሳብ አይደለም፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 በ1995 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ፌስታልን የሚከለክለውም ሕግ በ2017 ዓ.ም. ጸድቋል። የቀረው ወረቀቱ ወደ ወንዙ መውረዱ ነው። ማጣሪያ ገንዘብ ይፈጃል እንላለን፤ አለማጣራትም ገንዘብ ይፈጃል፤ ልዩነቱ ሂሳቡን የሚከፍለው ከታች ያለው ሰው መሆኑ ብቻ ነው። እርሱም ደረሰኝ አይሰጠውም።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ባሕር የሚለው ቃል በየሻይ ቤቱ ይነሣል። ሰው ሁሉ ስለ ወደብ፣ ስለ መርከብ፣ ስለ ቀረጥ ይከራከራል፤ መልካም ነው፣ ይከራከር። በዚያ ሁሉ ክርክር ውስጥ ግን ስለ ዓሣው፣ ስለ ኮራሉ፣ ስለ ውሃው ጤንነት አንድ ቃል የተነፈሰ አልሰማንም። ባሕርን በር ብቻ አድርጎ የሚያይ ሰው በሩን ካገኘ በኋላ እጣቢውን ወዴት እንደሚደፋ አስቀድሞ ይታወቃል።

ስለዚህ ከደሴና ከኮምቦልቻ የመጣችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ነገሩ ከእናንተ ይጀምራል፤ ከእኛም ከከሚሴዎቹ አልፎ አፋር ይደርሳል። በዚህ ክረምት ወደየቤታችን ስንመለስ በየድልድዩ ቆመን ውሃውን እንየው፤ ከላያችን ማን አለ፣ ከታቻችንስ ማን አለ ብለን እንጠይቅ። ከላይ ያለ ሁሉ ከታች ላለው ባለዕዳ ነው። ይህን በቦርከና ላይ ያልተማረ ትውልድ ውቅያኖስ ቢሰጡት ምን ያደርገዋል?