ክራር ሰንጣቂው ጓደኛዬ

ባለፈው እትም በዚችው መጽሔት የጻፍኩትን ያነበበ እንደሚያስታውሰው፣ የሳይንስ ተማሪዎችን «ዜማውን ለማግኘት ክራሩን የሚሰነጥቁ» ብዬ ሰድቤአቸው ነበር። ሕያዉን ገድለው ሬሳውን ያጠኑና «ሕይወትን ዐወቅን» ይላሉ ማለቴ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ለጆሮዬ ስለጣመኝ እውነት መሰለኝ። የሥነ ጽሑፍ ተማሪ በሽታ ይኸው ነው።

ጽሑፉ በወጣ በማግስቱ ማታ፣ ባዮሎጂ የሚያጠናው የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ምንም ሳይናገር አንድ አጭር ፊልም አሳየኝ። ውጤቱ በ2009 እ.ኤ.አ. ከወጣው የሃርቫርድ ምርምር የተገኘ ነው። ዜብራፊሽ የምትባል፣ ከተፈለፈለች ገና ቀናት የሆናት፣ ገላዋ እንደ ብርጭቆ ብርሃን የሚያሳልፍ ዓሣ በማደንዘዣ ተኝታለች። የጭራዋ ጫፍ ተቆርጧል። ከቁስሉ ጠርዝ ቀይ ነገር ብቅ አለና ወደ ውስጥ ይሰፋ ጀመር፤ በሃያ ደቂቃ ገደማም እጅግ በረታ።

«ደም ነው?» አልኩት።

«ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነው።»

እኔ ይህን ነገር የማውቀው ከመድኃኒት ቤት ነው። ልጅ ሳለሁ እግሬን ቆርቆሮ ቆርጦኝ እናቴ ስታፈስብኝ፣ አረፋውን እያየሁ የጮኽኩት ትዝ ይለኛል። ገላ ራሱ ይሠራዋል ብሎ የነገረኝ ግን አልነበረም። ቁስሉ አጠገብ ያሉት ሕዋሳት ዱኦክስ በተባለ ኤንዛይም ይሠሩታል፤ ነጭ የደም ሕዋሳት ገና ሳይደርሱ ይሰራጭና ይጠራቸዋል። ኤንዛይሙ በተቀነሰባቸው ዓሦች የመጡት ሕዋሳት አነሱ።

ይህን ከሬሳ ማግኘት አይቻልም። እንዲህ ያሉት የኦክስጅን ውላጆች ካገኙት ጋር ለመዋሐድ ስለሚጣደፉ፣ ሥጋው ተቆርጦ እስኪፈጭ አይጠብቁም። ስለዚህ በ2006 የሞስኮ ተመራማሪዎች ይፋ ያደረጉት፣ ሃይፐር የሚባል ፕሮቲን አስቀድሞ በዓሣይቱ ሕዋሳት ውስጥ እንዲኖር ይደረጋል፤ ፐርኦክሳይድ ሲያገኘው አበራሩ ይለወጣል።

ቀይነቱ ግን የዓሣይቱ አይደለም። በሁለት ዐይነት ብርሃን የተለካው ድምቀት አንዱ ለሌላው ተካፍሎ፣ ለውጤቱ ቀለም ይሰጠዋል። «እንግዲያ ሥዕል ነው!» ብዬ ዘለልኩ። እሱም ረጋ ብሎ፣ «በአንድ ብርሃን ብቻ ብናይ፣ ፕሮቲኑ የበዛበትን ቦታ ፐርኦክሳይድ የበዛበት እናደርገው ነበር። ደግሞ አሲድነቱ ሲለዋወጥ ፕሮቲኑ ያሳስታል፤ እሱንም ለይተን መመርመር አለብን» አለኝ። እኔ ስለ ክራር ስጽፍ ራሴን ይህን ያህል አልጠረጠርኩም።

«እንግዲህ ቃልህን አንሣ» አለ። ክራሩ ሳይሞት ዜማው ታይቷል፤ ይህን አልክድም። ቢሆንም ጭራዋን የቆረጠው ሰው ነው። ግማሹን አነሣለሁ አልኩት። የትኛውን ግማሽ እንደሆነ ግን፣ መብራት አጥፉ የሚሉን ጓደኞቻችን እስኪቆጡ ድረስ ስንከራከር አመሸን።