የአራስ አጃ በሰው አገር

በሰው አገር የሚኖር ሰው ከሁሉ አብልጦ የሚናፍቀው ምን እንደ ሆነ ቢጠየቅ፥ ዘመዶቼን ወይም ያገሬን አየር ብሎ ይመልስ ይሆናል። እውነቱን ለመናገር ግን፥ እንግድነታችንን በየቀኑ የሚያስታውሰን ገበታችን ነው። እኔም ይህን በሚገባ የተረዳሁት በ1981 ዓ.ም. በመጋቢት ወር መጀመሪያ፥ በአሜሪካ አገር በኦሃዮ ክፍለ ግዛት፥ ከኤሪ ሐይቅ ብዙ በማትርቅ አንዲት ከተማ ስኖር ነበር።

ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበረ፤ በረዶውም ከደጃፋችን ገና አልጠፋም። ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን በሰላም ተገላግላ በሦስተኛው ቀን ወደ ቤታችን ተመለስን። ነገር ግን እህል አልቀምስ አለች። በሐኪም ቤት ያቀረቡላት በረዶ የተጨመረበት ውሃና ቀዝቃዛ ምግብ ነበረ፤ ይህም እንደ አገራቸው ልማድ በደግነት የተደረገ እንጂ በክፋት አልነበረም። በእኛ ዘንድ ግን ለአራስ ትኩስ እንጂ ቀዝቃዛ አይቀርብም። እኔም በበኩሌ የቆርቆሮ ሾርባ አሙቄ፥ ዳቦ በቅቤ ቀብቼ አቀረብሁላት፤ ሁለት ጊዜ ጎርሳ ተወችው። ወተቷ አነሰ፤ ሕፃኑም ሌሊቱን ሲያለቅስ ያድር ጀመር። አንድ ሌሊት እርስዋም ፊቷን ወደ ግድግዳው መልሳ ስታለቅስ ሰማኋትና ምን እንደ ሆነች ጠየቅኋት። «እናቴ አጠገቤ ብትሆን አጥሚት ትሠራልኝ ነበር» አለችኝ እንጂ ሌላ ቃል አልተናገረችም።

በማግሥቱ ወደ አዲስ አበባ ስልክ ደወልሁ። በዚያ ዘመን የስልክ ዋጋ እጅግ ውድ ስለ ነበረ፥ ሰላምታውን አሳጥሬ የአጥሚት እህል ከወዴት እንደማገኝ እናቴን ጠየቅኋት። እናቴ በመንዝ ደጋ ከገብስና ከብርድ ጋር ያደገች ሴት ነበረች።

«አጃ የለም ወይ ልጄ?» አለችኝ።

በዚህ አገር አጃ አይቼ እንደማላውቅ ነገርኋት።

«የሚበርድ አገር ነው ብለኸኝ የለም? ብርድ ባለበት ገብስ አለ፤ ገብስ ባለበትም አጃ አይጠፋም። ደኅና አድርገህ ፈልግ» አለችኝና መሥመሩ ተቋረጠ።

ነገሩ ያለ ምክንያት አልነበረም። በአገራችን ደጋ አጃ በገብስ ማሳ መካከል ሳይዘሩት ጭምር እየበቀለ አብሮ የሚታጨድ መሆኑን ገበሬ ሁሉ ያውቃል። እኔም የእናቴን ቃል ይዤ፥ መዝገበ ቃላቴንም በኪሴ ከትቼ፥ ወደ ሰፈራችን ሱፐር ማርኬት ሄድሁ። ዓይኔ የሚፈልገው በከረጢት የታሰረ ቡናማ ዱቄት ነበረ፤ እንዲህ ያለ ነገር ግን አልነበረም። ብዙ ከተንከራተትሁ በኋላ መዝገበ ቃላቱን ገልጬ የአጃን የእንግሊዝኛ ስም ባይ፥ «ኦትስ» ይላል። ቀና ብል፥ ሁለት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ በአጠገቡ ያለፍሁት ክብ የካርቶን ዕቃ በፊቴ ተደርድሮአል! የአገሩ ሰው ሕፃን ሽማግሌ ሳይል በየማለዳው በወተትና በስኳር የሚበላው ቁርስ፥ ለካ የእናቶቻችን የአራስ አጃ ኖሮአል። ፍሬው ተፈትጎ፥ በእንፋሎት ታሽቶ፥ በማሽን ተዳምጦ ጠፍጣፋና ነጭ ስለ ሆነ ነው ያላወቅሁት። አጃው ከእኔ አልራቀም ነበር፤ የማላውቀው ስሙንና ልብሱን ኖሮአል።

አጃውን፥ ማሩን፥ ወተቱንና ቅቤውን ይዤ ወደ ሒሳብ መክፈያው ስደርስ ግን እግሬ ቆመ። በረዶ የጣለበት ማለዳ ስለ ነበረ የተከፈተው አንድ መክፈያ ብቻ ነው፤ በዚያም ተቀምጣ ገንዘብ የምትቀበለው የማውቃት ሴት ነበረች። በዚያች ከተማ ከእኛ ሌላ የነበረው የኢትዮጵያውያን ቤተ ሰብ የእርስዋ ብቻ ነበረ። ከባሏ ጋር ግን ከዓመት በፊት በአገራችን ፖለቲካ ተከራክረን፥ ክፉ ቃልም ተነጋግረን ስለ ተኳረፍን፥ ልጅ መወለዱን እንኳ አልነገርናቸውም ነበር። ያገደኝም ሌላ ሳይሆን ኩራቴ ነው።

ሴቲቱ ዕቃውን አንድ በአንድ አነሣች። በዐቢይ ጾም ቅቤና ወተት፥ ማርና አጃ የሚገዛ የኢትዮጵያ ሰው ምን እንደ ገጠመው ለማወቅ ጠያቂ አላስፈለጋትም። ቀና ብላ አየችኝና፥ «ወለደች?» አለችኝ።

«አዎን» አልሁ።

«እንኳን ማርያም ማረቻት» ብላ መልሱን ሰጠችኝ።

እቤት ገብቼ አጃውን እንዳለ ከወተት ጋር ጣድሁት። አልቆላሁትም፥ አልፈጨሁትም፥ አላጠለልሁትም፤ ስለዚህ ከሥር አረረ፥ ከላይ ጓጎለ። ባለቤቴ ለእኔ ስትል አንድ ጊዜ ቀምሳ ፈገግ አለችና ኩባያውን አስቀመጠችው።

በዚያው ቀን ወደ ማታ በሩ ተንኳኳ። ሴቲቱ ናት። በአንድ እጇ የቡና መፍጫ፥ በሌላው በብርድ ልብስ የተጠቀለለ የገንፎ ድስት ይዛለች። ወደ ባለቤቴ ገብታ፥ «እንኳን ማርያም ማረችሽ እኅቴ» አለቻትና፥ ጎረቤት እንዳይደነግጥ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እልል አለች። ከዚያም አጃውን ሽታው እስኪወጣ ድረስ ቆላችው፤ ፈጨችው፤ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጣ በንጹሕ ሻሽ አጠለለችው፤ ሳታቋርጥ እያማሰለች አፈላችውና ማርና ከአገር ቤት የመጣ ኮረሪማ የገባበት ቅቤ ጨመረችበት። ጾመኛ ስለ ነበረች አልቀመሰችውም፤ ልኩን ያወቀችው በመዓዛው ብቻ ነው። ባለቤቴ ሁለት ኩባያ ጠጥታ፥ ከወለደች ጀምሮ ያልተኛችውን እንቅልፍ ተኛች። በጥቂት ቀንም ወተቷ ሞላ። የሞላው በአጃው ይሁን በጠያቂዋ፥ እኔ ለመፍረድ አልደፍርም።

ልጁ በአርባ ቀኑ ክርስትና ሲነሣ፥ የብዙ ሰዓት መንገድ ነድቶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ያደረሰን ያ የተኳረፍሁት ሰው ነበረ፤ የልጁም የክርስትና አባት ሆነ። ይቅርታ የተጠያየቅነው በመንገድ ላይ፥ በጥቂት ቃል ነው።

ዛሬ በውጭ አገር የሚኖር ወገናችን እንደዚያ አይቸገርም። በአይዳሆ ክፍለ ግዛት፥ ቀድሞ በኢትዮጵያ ይኖሩ የነበሩ አንድ አሜሪካዊ ከ1970ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ጤፍ ማልማት በመጀመራቸው፥ ቀድሞ በስንዴ ዱቄት እንጀራ ይጋግር የነበረ ሁሉ አሁን የጤፍ ዱቄት ይገዛል። ጤፉ በሱፐር ማርኬት የሚገኘው ብዙውን ጊዜ ስንዴ ለጤናቸው ለማይስማማ ሰዎች በተለየው መደርደሪያ ነው። ተልባውም ለጤና ይበጃል ተብሎ ይሸጣል፤ አብሹና ጥቁር አዝሙዱ በሕንዶች ሱቅ ይገኛል። በጾም ወራት ወተትና እንቁላል የሌለበትን ዳቦ ለመለየት የሚቸገረውም «ቪጋን» የሚለውን ጽሕፈት አይቶ ያነሣል። ይህ ሁሉ ምስጋና የሚገባው ነው።

ሆኖም፥ አንባቢ ሆይ፥ በመደርደሪያ ላይ የማይገኝ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብሎ በር የሚያንኳኳ ሰው ነው። እህሉን ገንዘብ ያመጣዋል፤ ጠያቂን ግን የሚያመጣው ፍቅር ብቻ ነው። እኔ በዚያ ማለዳ አጃውን አግኝቼ ነበር፤ ነገር ግን ያ ቤት ባይታረቀኝ ኖሮ ያገኘሁት የአረረ ድስት ብቻ በሆነ ነበር።

ያ ሕፃን ባለፈው ዓመት በተራው አባት ሆነ። ሚስቱ በተገላገለች ማግሥት ከሱፐር ማርኬት ስልክ ደውሎ፥ «አባዬ፥ የአጥሚቱ አጃ የትኛው ነው?» አለኝ። ክቡን ዕቃ እንዲያነሣ ነገርሁት። ከዚያም፥ «ለክርስትና እናትህ ለእትዬ ነግረሃታል?» ብዬ ጠየቅሁት፤ እኛ የክርስትና አባቱን ሚስት እንዲህ ብለን ነው የምንጠራት።

«እርስዋማ ከእኛ ቀድማ ሰምታ፥ መጥታ እየቆላች ነው» አለኝ።