ቋሚ ዕቃና አላቂ ዕቃ

የመንግሥት ንብረት አስተዳደራችን ዕቃን ሁሉ ቋሚና አላቂ ብሎ በሁለት ይከፍላል። ቋሚው ቁጥር ይለጠፍበታል፣ በመዝገብ ይሰፍራል፣ በየዓመቱም ይቆጠራል። አላቂው ከግምጃ ቤት ወጥቶ ያልቃል፤ ካለቀም በኋላ የሚጠይቀው የለም። ውድ አንባብያን፣ ዛሬ ስለ ኤሌክትሮኒክስ መበየጃ ላወጋችሁ ነውና «ከፖለቲካው ሸሸ» እንዳትሉኝ፤ የምለው ሁሉ ከዚህ ክፍፍል አይርቅም።

ቀን አስተምራለሁ፤ ማታ ማታ ደግሞ የተበላሸ ሬዲዮና የፀሐይ መብራት መፍታት ልማዴ ነው። በእንጅባራ ብርድ ከሞቀ መበየጃ አጠገብ መቀመጥ በራሱ ደስታ አለው። የዶክትሬት ማዕረጌ ግን አንዲት ነጥብ ብየዳ አቅልጦልኝ አያውቅም፤ የሚያቀልጠው ጫፉ ነው።

ብዙ ጀማሪ የሚመርጠው እንደ መርፌ የሾለውን ጫፍ ነው፤ ለረቂቅ ሥራ የሾለ መሣሪያ ይበጃል ከሚል ግምት። ነገሩ ተቃራኒ ነው። ሙቀት የሚተላለፈው በሚገናኘው ገጽ ስፋት ልክ ስለሆነ፣ የሾለው ጫፍ ሰሌዳውንና የዕቃውን እግር በቅጡ ሳያሞቅ ሽቦውን ብቻ ያቀልጣል፤ ከላይ የተያያዘ የሚመስል፣ ውስጡ ግን ያልተዋሐደ ብየዳ ይተርፋል። እንደ መሮ ጠፍጣፋ የሆነና 2 ሚሊሜትር ገደማ ስፋት ያለው ጫፍ አብዛኛውን የቤት ሥራ ይወጣል። 63 በመቶ ቆርቆሮ (የጣሪያውን ማለቴ አይደለም) እና 37 በመቶ እርሳስ የሆነው የመበየጃ ሽቦ በ183 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ የተለመደው እርሳስ አልባ ደግሞ ከ217 ዲግሪ ጀምሮ። ለመጀመሪያው ጫፉን ከ320 እስከ 350 ዲግሪ ማሞቅ ይበቃል። በዚህ ሙቀት የሚጨሰው ፍለክሱ ነው፤ መማግ አይገባም። እርሳሱ የሚጎዳው ግን ይበልጡን በእጅ በኩል ነውና፣ እኛ በእጃችን የምንጎርስ ሕዝብ ሳንታጠብ ወደ ማዕድ መቅረብ የለብንም።

ዳንግላ ውስጥ አንድ ወጣት ጠጋኝ የመበየጃውን ጫፍ በሞረድ ሲያሾል አይቼ «ለምን?» አልኩት። «ጋሼ፣ ካልሞረዱት አይዝም እኮ» አለኝ። እውነቱን ነው። የእርሱ ጫፍ ልባስ የሌለው ተራ መዳብ ነበር፤ የቀለጠ ቆርቆሮ መዳብን እያሟሟ ይበላዋልና ጫፉ ይጎደጎዳል፣ መሞረዱም ግድ ይሆናል። የተሻሉት ጫፎች ይህን ለመከላከል መዳባቸው በብረት የተለበጠ ነው። ያ ልባስ አንዴ በሞረድ ወይም በብርጭቆ ወረቀት ከተገፈፈ ጫፉ ሞተ ማለት ነው፤ የሚጸዳው በነሐስ ሽቦ ጥቅል ወይም በረጠበ ስፖንጅ ነው፤ ከሥራ በኋላም አዲስ ቆርቆሮ አልብሶ ማሳደር ነው። እንግዲህ በርካሹ መሣሪያ ላይ ሙያ የነበረው ልማድ በደኅናው ላይ ጥፋት ይሆናል። ልጁ ማስተዋል ጎድሎት አይደለም፤ እጁ የገባው መሣሪያ ያስተማረውን ተምሯል። (ባለ እጅን መናቅ ያረጀ በሽታችን ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ ሙያን መስደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ ስድቡ ቢቀንስም ንቀቱ ወደ በጀት መደቡ የተዛወረ ይመስለኛል።)

«ታዲያ ለምን ደኅናውን አይገዛም?» የሚል አይጠፋም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በነሐሴ 100 ብርን ተሻገረ። በየሱቁ የማየው ጫፍ ደግሞ ሁሉም ከውጭ የመጣ ነው። አቅም ላለው የምመክረው የሙቀት መቆጣጠሪያ ያለውን ነው፤ ከመግዛቱ በፊት ግን ትርፍ ጫፉ በሱቅ መኖሩን ይጠይቅ። መብራት ለሚጠፋበት ሰው ከ12 እስከ 24 ቮልት የሚሠሩት፣ እንደ ቲ.ኤስ. 100 እና ፓይንሲል ያሉት ይመቻሉ። ቲ.ኤስ. 100 በ12 ቮልት ባትሪ 17 ዋት፣ በ19 ቮልት የላፕቶፕ ቻርጀር 40 ዋት ይሰጣል፤ ልዩነቱ በሥራ ላይ በደንብ ይታወቃል።

ወደ ክፍፍሉ ልመለስ። በአንድ የመንግሥት ተቋም ቤተ ሙከራ ውስጥ ሃያ መበየጃዎች ቁጥራቸው ተለጥፎ ተደርድረው አይቻለሁ። ጫፋቸው ጠቁሮ ቆርቆሮ አይቀበልም። ትርፍ ጫፍ እንዲገዛ መጠየቂያ ቅጽ ሞላሁ፤ «መበየጃው እያለ?» የሚል መልስ መጣ። በቆጠራው መሠረት ሃያውም በሥራ ላይ ናቸው። ተማሪዎቹ ብየዳን በስላይድ ተማሩ፣ በወረቀት ተፈተኑ፣ ጥሩ ውጤትም አመጡ። ከእነርሱ ሁለቱ ተመርቀው ሥራ ሲያጡ የስልክ ጥገና ሊማሩ እንደ ዳንግላው ልጅ ያለ ባለ ሙያ ዘንድ ገቡ። መጀመሪያ ያስጨበጣቸውም ሞረድ ነበር።

ቸር ይግጠመን።