መብራት ሲመለስ

በጓሯችን ካሉት ሰርቪስ ቤቶች አንዷን ክፍል የብረት መሥሪያ ካደረግኳት 15 ዓመት አልፏል። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህማ ከሳሎን ይልቅ የምገኘው እዚያው ነው። የጎረቤት በር ማጠፊያው ሲላቀቅ፣ የልጅ ብስክሌት ሲሰበር፣ የአበባ መደርደሪያ ሲፈለግ ወደኔ ይመጣል። ክፍሏ ውስጥ አንድ የብየዳ ማሽን፣ አንድ ትራፓኖ፣ አንድ ሞርሳ፣ እንዲሁም ዛሬ ላወራላችሁ የተነሳሁበት ትንሹ የብረት መቁረጫ አሉ።

ባለሙያዎች ባንድሶ ይሉታል። ዙሪያው 1 ሜትር ከ64 ሳንቲ ሜትር የሚሆን፣ ጫፍና ጫፉ ተበይዶ የተገጠመ ባለጥርስ ስስ ምላጭ በሁለት ጎማዎች ላይ ይዞራል። ሞተሩ ጎማውን የሚያዞረው በቺንጋ ነው። ብረቱን አስረው የማሽኑን ክንድ ሲለቁት በራሱ ክብደት ቀስ እያለ ወርዶ ይቆርጣል። በሴጌቶ ክንድ የሚያዝለውን ሥራ እሱ በደቂቃዎች ይጨርሰዋል።

የኔው ሁለተኛ እጅ ነው። ከስስ ላሜራ የተሠሩት እግሮቹ ሲሠራ ይንቀጠቀጣሉ፤ ከአንደኛው ሥር ካርቶን አጥፌ ሸጉጬበታለሁ። ሲቆርጥ ይጠማል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ትንሽ አስረዝሜ እቆርጥና በግራይንደር አስተካክላለሁ። የቺንጋው ሽፋን ድምፁ ስላሰለቸኝ ፈትቼ ጥዬዋለሁ። ሰው ሲጠይቀኝ “ጠባዩን ስለማውቀው አያስቸግረኝም” እል ነበር።

ባለፈው ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ የ13 ዓመቱ የልጅ ልጄ እኛ ዘንድ ሊከርም መጣ። እናቱ “አባዬ፣ እባክህ ከስልኩ ላይ አንሳልኝ” አለችኝ። ከዚህ የበለጠ ምን እፈልጋለሁ? በማግስቱ መነጽር ገዝቼለት፣ አሮጌ ሽርጥ አስታጥቄው ይዤው ገባሁ።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ አንጎላሬ እየቆረጥን ሳለ መብራት ሄደ። ምላጩ ብረቱ መሃል እንደገባ ቆመ። እኔም እንደ ልማዴ የጎረቤትም ጠፍቶ እንደሆነ ለማየት ወደ በሩ ወጣሁ። ሶኬቱን አልነቀልኩም። ማብሪያውንም አላጠፋሁም። ልጁ ሊያግዘኝ ፈልጎ፣ የተቀረቀረውን ምላጭ አስለቅቃለሁ ብሎ ቺንጋውን በእጁ ማዞር ጀመረ።

መብራቱ ተመለሰ።

የሰማሁት የማሽኑን ጩኸትና “አባባ!” የሚል ድምፅ ነው። ዘወር ስል የሹራቡን እጅጌ ቺንጋው ጎትቶ ከፑሌጋው ጋር ጠቅልሎታል፤ ልጁ ደግሞ ወደ ኋላ እየተሳበ ነው። ሹራቡ አሮጌ በመሆኑ ተቀደደ። አዲስና ጠንካራ ቢሆን ኖሮ ምን እንደሚከተል ዛሬም ማሰብ አልፈልግም። ሮጬ ሶኬቱን ነቀልኩ። ጣቶቹን አንድ በአንድ ቆጠርኩ። ከዚያ እንደገና ቆጠርኩ።

ትንሽ ሲረጋጋ “አባባ፣ ለእማዬ አንንገራት። ሽቦ ቀደደው እንበላት” አለኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ለአፍታ ሐሳቡን ወድጄው ነበር። ልጁ ግን ቀጥሎ ግራ እጄን አየና “የእርስዎም ጣት እንደዚህ ነው የተቆረጠው?” ሲል ጠየቀኝ።

የግራ እጄ የቀለበት ጣት ጫፍ የለውም። በ24 ዓመቴ፣ በምሠራበት ቦታ፣ መከለያ በሌለው ማሽን ነው ያጣሁት። ለልጆቼም ለልጅ ልጆቼም “አይጥ በላው” እያልኩ ስቀልድበት ኖሬያለሁ። ያን ቀን ግን ቀልዱ ከአፌ አልወጣ አለ። “አዎ፣ እንደዚህ ነው” አልኩት።

ማታ ለልጄ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ “አባዬ፣ አንተ ጣትህን ያጣህበትን ነገር ልጄን ልታስተምረው ነው?” አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። “እኔ መጥቼ ሳላየው እዚያ ክፍል እንዳይገባ” ብላ ስልኩን ዘጋች።

በማግስቱ ልጁ በርጩማ ይዞ መጣና ከደጃፉ ላይ ተቀመጠ። ትእዛዙን አልጣሰም፤ እኔን ግን በጥያቄ ወጥሮ ያዘኝ።

“ያ ካርቶን ምንድን ነው?” ካርቶኑን አወጣሁና የላሜራውን እግሮች ፈትቼ በአንጎላሬ አዲስ መቆሚያ በየድኩለት። መንቀጥቀጡ ቆመ።

“ለምንድን ነው የሚጠመው?” ምላጩን ቀጥ አድርገው የሚይዙት ትንንሽ ኩሽኔታዎች ናቸው። የሁለቱ ቡሎን ሲዞር ኩሽኔታዎቹን ወደ ምላጩ ያስጠጋል ወይም ያርቃል። የኔዎቹ ላልተው ምላጩ በመካከላቸው ሲወላገድ ኖሯል። አስጠጋኋቸውና ምላጩን በስኳድራ ለክቼ ቀጥ አደረግኩት። 15 ዓመት የጠበቀኝ ሥራ አንድ ሰዓት አልፈጀም።

“ራሱ ይወርዳል ብለውኝ፣ ለምን በእጅዎ ይጫኑታል?” ይቺኛዋ አሳፈረችኝ። የምጫነው ምላጩ ስለደነዘና ጥርሱ ለሥራው ስለማይስማማ ነበር። ደንቡ ቢያንስ ሦስት ጥርስ በአንድ ጊዜ ብረቱ ላይ እንዲያርፍ ነው። የኔው በአንድ ኢንች 6 ጥርስ ያለው ነው፤ በጥርሶቹ መካከል ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ ክፍተት ስላለ 3 ሚሊ ሜትሩ አንጎላሬ መሃላቸው ይገባና ጥርሱን ይሰብረዋል። ባለ 24 ጥርስ ምላጭ ገዛሁ። ከምናለሽ ተራ ደግሞ አሮጌ የአየር ሲሊንደር አግኝቼ በአንድ ወገኑ ዘይት ሞላሁበትና ከክንዱ ጋር አያያዝኩት። ዘይቱ በጠባብ ቫልቭ በኩል ወደ ትንሽ ዕቃ ስለሚያልፍ ክንዱ በልኩ ይወርዳል። አሁን ማንም አይጫነውም።

ዋናው ግን ማብሪያው ነው። የድሮው እንደ አምፖል ማብሪያ ስለሆነ መብራት ቢሄድም “በርቷል” ላይ እንደተቀመጠ ይቀራል። በእሱ ቦታ ኮንታክተር አስገባን፤ ገመዱን የዘረጋው የሰፈራችን ኤሌክትሪሺያን ነው። አረንጓዴው ቁልፍ ሲጫን በውስጡ ያለው ጥቅልል ሽቦ ማግኔት ሆኖ መገናኛውን ይይዛል። መብራት ሲሄድ ማግኔትነቱ ይጠፋና መገናኛው በሞላ ተስፈንጥሮ ይለያያል። መብራቱ ቢመለስም ሰው እንደገና እስኪጫነው ድረስ ሞተሩ አይነሳም። ለቺንጋውም ከላሜራ አዲስ ሽፋን ሠራሁለት።

ቅዳሜ ልጄ መጣች። ማሽኑን አስነሳሁና ብሬከሩን ራሷ እንድታጠፋ ነገርኳት። ቆመ። መልሳ አበራችው። አምፖሉ በራ፤ ማሽኑ ጸጥ አለ። “ደግሜ ልሞክረው” አለች። ሦስት ጊዜ ሞከረችው። ከዚያ ልጇን ከደጃፉ ጠርታ “ግባ፤ ግን አያትህ ሳይኖር አትነካም” አለችው። እኔንም አየችኝና “አንተም” አለች።

ይህን የምጽፈው ባንድሶ ላላቸው ብቻ አይደለም። በየቤታችን ጠባዩን እናውቀዋለን የምንለው ነገር አለ። የተላጠ የምጣድ ገመድ፣ የሚያፈስ የጋዝ ጎማ፣ መደገፊያ የሌለው ደረጃ። እኛ አደጋውን ተጠንቅቀን ማለፍ ለምደናል። ልጅ ግን ይህን ልማድ ይዞ አይወለድም። እጁን የሚሰደው ሊያግዘን ነው።

የተቀደደውን ሹራብ ከክፍሏ በር አጠገብ ሚስማር ላይ ሰቅዬዋለሁ። የልጅ ልጄ አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል። መብራት ሲሄድ፣ ኮንታክተሩ ቢኖርም መጀመሪያ ሶኬቱን ይነቅላል። ከዚያ በኋላ ነው የጎረቤትም ጠፍቶ እንደሆነ ሊያይ የሚወጣው።